ከእኔ የማያንስ ሰው ሌላ ሃይማኖት ሲይዝ፣ የእኔን እምነት ምን ላድርገው?

ጠያቂያችን ደሴ ተወልደው ያደጉ፣ አሁን አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ናቸው። የእናታቸው እናት ሙስሊም ናቸው። ታናሽ እህታቸው ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፕሮቴስታንት ሆናለች። ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሁለቱም ከእኔ አሳንሰው አይጸልዩም፣ ከእኔ አሳንሰው አያስቡም። አያቴ እንዲያውም ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ቅን ናቸው። እኔም በእሳቸው እጅ ባድግ ኖሮ ዛሬ ሙስሊም ነበርኩ። ታዲያ የእኔ ነው ትክክል ለማለት ምን ምክንያት አለኝ? ወይስ ሁሉም እኩል እውነት ነው ብዬ ልረፍ?»

አንድ ነገር እውነት መሆኑ ሌላ፣ ያንን ነገር ለማመን በቂ ምክንያት መኖሩ ሌላ ነው። በጥያቄው ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀዋል። ሁለት ወንድማማቾች ተለያይተው አደጉ እንበል፤ አንዱ እናቱ ዘንድ፣ ሌላው አያቱ ዘንድ። አንዱ የቤተሰቡ ቤት በ1962 ዓ.ም. ተሠራ ተብሎ ሲያድግ፣ ሌላው በ1965 ተብሎ አደገ። እስኪገናኙ ድረስ ሁለቱም የሚያምኑበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ የነገራቸው የሚታመን ሰው ነውና። ሆኖም ቢያንስ አንዳቸው ተሳስተዋል። ስለዚህ «እህቴም በቂ ምክንያት አላት» ብለው ቢያምኑ የራስዎ ምክንያት አይጠፋም፤ «እኔ በቂ ምክንያት አለኝ» ሲሉም እሷን ሞኝ ማድረግዎ አይደለም። ወንድማማቾቹ ከተገናኙ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዳቸው አዲስ ማስረጃ ደርሷቸዋል፤ ይኸውም አንድ የሚታመን ሰው ሌላ ዓመት መናገሩ ነው። ያንን እንዳልሰሙ መሆን አይቻልም። እርስዎ ያሉት እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን ሰምተዋል፣ መልስ ይጠይቃል።

«በአያቴ እጅ ባድግ ኖሮ» የሚለው መከራከሪያ ከሚመስለው ያነሰ ነው የሚያረጋግጠው። እ.ኤ.አ. ከ1058 እስከ 1111 የኖረው ሙስሊሙ ሊቅ አል-ገዛሊ የክርስቲያን ልጆች ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጆች አይሁድ፣ የሙስሊም ልጆች ሙስሊም ሆነው እንደሚያድጉ አስተውሎ፣ ከወላጅ በወረሱት ላይ ብቻ መቆም አይበቃም ብሎ እርግጠኛ ዕውቀት ፍለጋ ወጥቷል። ነገሩ ወደ ምርመራ መራው እንጂ «እንግዲያው ሁሉም ከንቱ ነው» አላሰኘውም። እርስዎም ትምህርት ቤት በሌለበት አካባቢ ቢያድጉ ኖሮ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር ላያውቁ ይችሉ ነበር፤ ይህ ግን ዛሬ የሚያውቁትን አያጎድልብዎትም። እርግጥ ነው፣ የደም ዝውውርን ከትምህርት ቤቱ ቃል ውጭ በሌላ መንገድ ማሳየት ይቻላል፤ በሃይማኖት ይህ ይከብዳል። እንግዲህ የትውልድ ቦታ ክርክር የሚያፈርሰው አንድ ምሰሶ ነው፤ «በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ስለሚል» የሚለውን። ሌላ ምሰሶ ካለዎት አልተነካም፤ ከሌለዎት ግን ክርክሩ ያን አሳይቶዎታልና ሊያመሰግኑት ይገባል። ደግሞም ይህ ክርክር ማንንም አይምርም። «ሁሉም ሃይማኖት እኩል ነው» የሚለውም ሰው ከ200 ዓመት በፊት ላስታ ውስጥ ቢወለድ ኖሮ እንዲያ አይልም ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ አጥብቆ ያነሣው ነጥብ ይህ ነው።

«ሁሉም እኩል እውነት ነው» ብሎ ማረፍ ደግሞ እረፍት አይሰጥም። ወንጌል ክርስቶስ ተሰቅሎ ሞተ ይላል። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 157ኛ አንቀጽ አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትምም ይላል። ሁለቱ ቃል በቃል ከተወሰዱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ይህን ለማስታረቅ ከሞከሩት ሁሉ የተሻለ የሠራው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሂክ ነው። ሃይማኖቶች ሁሉ ከሰው ቋንቋ በላይ ለሆነው አንድ እውነታ የሰጡት የተለያየ ምላሽ ናቸው ይላል። ሐሳቡ ክብር ይገባዋል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። አያትዎ ስለ አላህ፣ እርስዎ ስለ ሥላሴ የምትናገሩት በቀጥታ ትርጉሙ ስለዚያ እውነታ አይነገርም ማለት ነውና ሁለታችሁንም ያርማል። በሁለታችሁ መካከል የቆመ ዳኛ ሳይሆን ሦስተኛ ተከራካሪ ነው፤ ያውም ብዙ ተቃዋሚ ያለበት።

በራሳችን ጽሑፍ ውስጥም ይህ ነጥብ በንጹሕ ተቀምጧል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የካቶሊክ እምነት በቤተ መንግሥት ታውጆ አገሩ በተከፋፈለበት ወቅት የተነሣ ሰው ሆኖ የሚናገረው የግእዙ ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ፣ ፈረንጁም የአገሩም ሊቅ የየራሱን ሃይማኖት ትክክል እንደሚል ይታዘባል። ለእኔ የእኔ እውነት እንደሚመስለኝ ለሌላውም የእርሱ ይመስለዋል፤ እውነት ግን አንዲት ናት ይላል። የመጽሐፉ ደራሲ ማን ነው የሚለው ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክርክር አለበት፤ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ የ19ኛው መቶ ዘመን ሚሲዮናዊ ድርሰት ነው ብሏል። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ ነገሩ ይቆማል። የእያንዳንዱ ሰው እርግጠኝነት እኩል መሆኑ እውነቱን ብዙ አያደርገውም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እምብርት እንግባ። ስለ ልዩነት የሚጽፉ ፈላስፎች «አቻ» የሚሉት በጉዳዩ ላይ ያን ያህል መረጃ፣ ያን ያህል የማሰብ ችሎታና ያን ያህል ቅንነት ያለውን ሰው ነው። አራት ጓደኛሞች ምግብ ቤት ገብተው ሒሳቡን በጭንቅላት ለአራት ሲያካፍሉ አንዱ 430 ብር፣ ሌላው 450 ብር ደረሰበት እንበል። ሁለቱም በሒሳብ እኩል ጎበዞች ናቸው፣ አንዳቸውም አልደከሙም። «እኔ አስቤዋለሁና እኔ ነኝ ትክክል» ማለት አይቻልም። ሁለቱም እርግጠኝነታቸውን ቀንሰው እንደገና ማስላት አለባቸው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ፈላስፎች አቻ ሲቃወም ሁልጊዜ ወደ መሐል መጠጋት ግዴታ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ማስረጃውን በትክክል የመዘነው ወገን አቻው ስለተቃወመው ብቻ ማፈግፈግ የለበትም ይላሉ።

በእኔ ፍርድ ለሒሳቡ የመጀመሪያዎቹ ትክክል ናቸው፤ ሃይማኖት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ሒሳቡ አይደለም። በሒሳቡ ጓደኛዎ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ትክክል እንደነበረ ያውቃሉ፤ ሁለታችሁም የምትስማሙበት መለኪያ አለ፤ ስልክ አውጥቶ ማስላትም ይቻላል። ከአያትዎ ጋር ስለ ሥላሴ ሲለያዩ ግን መለኪያው ራሱ የክርክሩ አካል ነው። የትኛው መጽሐፍ ይመስክር፣ ማን ይተርጉመው፣ የማን ትውፊት ይታመን? በዚህ ሁኔታ «በዚህ ጉዳይ አቻዬ ናቸው» ለማለትም «አይደሉም» ለማለትም ገለልተኛ መሠረት የለም። ቅንነታቸውና ብልህነታቸው ለአቻነት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ይህን መውጫ ያላግባብ የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ነውና እዚህ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ሌላውን ከአቻነት ለማውጣት በክርክር ላይ ያለውን ነገር ራሱን ምክንያት ማድረግ አይፈቀድም። «መንፈስ ቅዱስ ስለሌላት ነው የማይገባት»፣ «ልቡ ስለታተመ ነው»፣ «ሰይጣን አሳውሯቸው ነው» ማለት የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ያንኑ ቃል እህትዎ በእርስዎ ላይ እኩል ልትለው ትችላለች፤ ሳትለውም የቀረች አይመስለኝም። ከአቻነት የሚያወጣ ምክንያት ሁለቱም ወገን የሚቀበለው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ተናጋሪው የጠቀሰውን ክፍል ሙሉውን አለማንበቡ፣ በጉዳዩ ጥቅም ያለው መሆኑ፣ ወይም በቁጣ የተናገረው መሆኑ። እነዚህን ምክንያቶች ሲሰበስቡም በራስዎ ላይ ይጀምሩ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። እርስዎን ይበልጥ ሊያሳስብዎት የሚገባው ከአያትዎ ጋር ያለው ሰፊ ልዩነት ሳይሆን ከእህትዎ ጋር ያለው ጠባቡ ነው። ከእህትዎ ጋር አንድ ወንጌል ታነባላችሁ፣ መለኪያውን በአብዛኛው ትጋራላችሁ። ስለዚህ በአንድ ጥቅስ ትርጉም ስትለያዩ ነገሩ ወደ ምግብ ቤቱ ሒሳብ ይጠጋል፤ እንደገና ማስላት ግዴታ ይሆናል።

የዚህ ዓይነት ልዩነት ትልቁ የአገራችን ምሳሌ የተቋጨው እርስዎ ካደጉበት ከደሴ ብዙ ሳይርቅ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሰብሳቢነት የተደረገው ጉባኤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀውን የቅብዓትና የጸጋ ክርክር ዘጋ። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? ተዋሕዶዎች የመለኮትና የሥጋ ተዋሕዶው ራሱ በቂ ነው አሉ። ቅብዓቶች ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በቅብዓቱ ነው አሉ። የጸጋ ወገኖች ከአብና ከማርያም ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት ቆጠሩ። ተከራካሪዎቹ በአንድ ግእዝ የተማሩ፣ በአንድ ዓይነት ጉባኤ ቤት የዋሉ፣ አንድ ጾም የሚጾሙ፣ አንድ ቅዳሴ የሚቀድሱ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ አቻ ከየት ይመጣል? ጉባኤው የወሰነው በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት ሥልጣን ነው። ያ ለአባላቱ ማሰሪያ ይሆናል፤ የሥልጣን ውሳኔ ግን ትርጉሙን ከማስረጃ አንጻር ለሚመዝን ሰው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በማስረጃነት የሚቆጠሩት የተከራካሪዎቹ ምክንያቶች ናቸው፤ የተዋሕዶን ትምህርት የያዘ ሰውም ሊደገፍ የሚገባው በእነርሱ ነው። በነገራችን ላይ ያው የጉባኤ ቤት ትምህርት ለአንድ ጥቅስ «አንድም… አንድም…» እያለ ብዙ ትርጓሜ ጎን ለጎን ያኖራል። ከልዩነት ጋር አብሮ የማሰብ ልማድ ከውጭ የምንበደረው አይደለም።

መስማማትም ማስረጃ መሆኑን ሰዎች ይረሳሉ። ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ፣ ጸሎት ይሰማል፣ ሰው በሥራው ይጠየቃል በሚሉት ላይ አያትዎ ምስክርዎ እንጂ ተቃዋሚዎ አይደሉም። ነገር ግን ምስክር ሲቆጠር ጥንቃቄ ይሻል። የአንድ ደረሰኝ አሥር ፎቶ ኮፒ አሥር ደረሰኝ አይሆንም። አይሁድ፣ ክርስትናና እስልምና ከአንድ የአብርሃም ሥር የወጡ ናቸውና እንደ ሦስት ነጻ ምስክሮች አይቆጠሩም። «ይህን ያህል ቢሊዮን ሕዝብ ያምናል» የሚለውም የሚመዝነው እርስ በርሳቸው ሳይሰማሙና ሳይቀዱ የደረሱበትን ያህል ብቻ ነው።

ስለ ተአምርና ስለ መንፈሳዊ ልምድ ደግሞ ይህን ይለዩ። እርስዎ በጸበል፣ አያትዎ በዱዓ፣ እህትዎ በጸሎት ኅብረት ተፈውሰናል የምትሉ ከሆነ የሦስታችሁ ምስክርነት እርስ በርሱ የሚጣፋው የእኔ ሃይማኖት ብቻ ትክክል ነው ለማለት ሲቀርብ ነው። እግዚአብሔር የሚለምነውን ይሰማል ለማለት ከቀረበ ግን አይጣፋም፣ ይደጋገፋል። የልምድን ዋጋ በዘመናችን በጥንቃቄ የመረመረው አሜሪካዊው ዊልያም አልስተን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ሥራ፣ በጸሎት ውስጥ እግዚአብሔርን ማስተዋል እንደ ማየትና እንደ መስማት ያለ የማወቂያ መንገድ ሊሆን ይችላል ብሎ ይከራከራል። እርሱ እንኳ የሃይማኖቶች ብዛት የዚህን ልምድ ማስረጃነት እንደሚቀንሰው አልካደም። ቢሆንም የሚዳኝ ገለልተኛ መለኪያ እስከሌለ ድረስ የሚሠራለትን መንገድ ይዞ መቀጠል ምክንያታዊ ነው አለ። በዚህ እስማማለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። መንገዱ በራሱ መለኪያ ፍሬ ማፍራቱን መፈተን አለበት፤ በሰውየው ላይ ትዕግሥትን፣ እውነተኛነትን፣ ለድኃ መራራትን ካላመጣ «ይሠራልኛል» ሊባል አይችልም።

እርግጠኝነት መቀነስ ሲባል ብዙ ሰው የሚደነግጠው እምነት የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ስለሚይዝ ነው፤ አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበልን፣ እና በአንድ አካል መታመንን፣ ቃል ኪዳን መጠበቅን። የመጀመሪያው ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለተኛው በየሳምንቱ የሚለካ ነገር አይደለም። ስለ አንድ ትምህርት ያለዎት እርግጠኝነት ከመቶ 95 ወደ 75 ቢወርድ ጾምዎን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ከዚያ ባነሰ እርግጠኝነት ትዳር የመሠረቱና በታማኝነት የኖሩ ሰዎች ሞልተዋል። ወሰኑ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከግማሽ በታች የወረደ ነገርን ለልጅ ወይም ለተማሪ «እርግጥ ነው» ብሎ ማስተማር ሐሰት ነው። ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍልበት ውሳኔም ራስዎ ከሚከፍሉበት የበለጠ እርግጠኝነት ይጠይቃል። የረቡዕና የዓርብ ጾም የሚከብደው በእርስዎ ላይ ነው። እህትን ከሠርግ ማስቀረት፣ የታመመን ሰው መድኃኒት ማስጣል፣ ልጅን ከአያቱ መለየት ግን በሌላ ላይ ይወድቃል። እነዚህን አቻ በሚቃወመው ትርጓሜ ላይ ተመሥርቶ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

በተግባር እንዲህ ይጀምሩ። «ኦርቶዶክስ ትክክል ነው ወይ?» የሚለውን ለጊዜው ይተዉት፤ በአንድ ጊዜ ሊመረመር የማይችል የብዙ መቶ ሐሳቦች ጥቅል ነው፤ ሰው የሚሰበረውም ሁሉን በአንድ ሌሊት ልመርምር ሲል ነው። አንድ ሐሳብ ይምረጡና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ለምሳሌ «ቅዱሳን ከሞቱ በኋላ ስለ እኛ ይለምናሉ»። ከሥሩ በምን ላይ እንደቆመ ይጻፉ፤ ስንቱ ከመጽሐፍ፣ ስንቱ ከመምህር ቃል፣ ስንቱ ከራስዎ ልምድ እንደሆነ ይለዩ። የመምህር ቃልን እንደ ደካማ ማስረጃ አይናቁት፤ ከምናውቀው አብዛኛውን ያወቅነው በሰው ቃል ነው። መምህሩ ከየት እንደተቀበለው መጠየቅ ግን ይገባል። ከዚያ እርግጠኝነትዎን ከመቶ በቁጥር ያስቀምጡ። ቁጥሩ ሳይንስ አይደለም፤ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር የማስበው» ብለው ራስዎን እንዳያታልሉ ነው።

ቀጥሎ እህትዎ ተቃራኒውን ለምን እንደምታምን ይጠይቋት፤ የሰሙትንም እሷ «አዎ፣ ልክ ይህን ነው የምለው» እስክትል ድረስ መልሰው ይንገሯት። ይህ እስኪሆን መልስ አይስጡ። አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ተከራካሪው የሚመታው ተቃዋሚው ያላለውን ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት የሌላውን ወገን ከደካማ ተወካዩ መማር ነው። በቲክቶክ ለማሸነፍ የሚጮህ ሰው የየትኛውም ሃይማኖት ጥሩ ተወካይ አይደለም፤ የራስዎም ወገን ቢሆን። ከእያንዳንዱ ወገን በእርጋታ የሚያስተምር አንድ መምህር ፈልገው ሙሉውን ይስሙ። ይህን ለሦስት ወር ያህል ይያዙት፤ በቁጣ ወይም በኀዘን ሳምንት ውሳኔ አይወስኑ። ሲጨርሱ ቁጥሩን እንደገና ይጻፉ። ካልተለወጠ ምክንያቱን አሁን ያውቁታል፤ ከወረደም የወረደው የዚያ ሐሳብ ቁጥር ነው፣ የሃይማኖትዎ ሁሉ አይደለም።

ገደቡንም ይወቁ። ይህ አካሄድ ማን ትክክል እንደሆነ አይነግርዎትም፤ የትኛውም ፍልስፍና ተከራካሪዎች በማይጋሩት መለኪያ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው እርስዎ የያዙትን በታማኝነት የያዙት መሆንዎን ማሳየት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ሃይማኖትዎን ይያዙ፤ ከአያትዎና ከእህትዎ መለየትዎ ብቻውን ለመተው በቂ ምክንያት አይደለም። «ሁሉም እኩል ነው» ብለውም አይሽሹ፤ እርስዎም እነርሱም የማታምኑት ነገር ነው። ከእህትዎ ጋር በምትጋሩት መጽሐፍ ላይ ያሉትን ልዩነቶች ግን ዛሬ ከያዙት እርግጠኝነት ዝቅ አድርገው ይያዙና አንድ በአንድ አብራችሁ መርምሩ። ከአያትዎ ጋር ደግሞ ከክርክሩ በፊት የምትስማሙበትን ይቁጠሩ፤ ሰላትዎ ላይ ስለ እኔ ምን ይላሉ ብለው ይጠይቋቸው፣ እርስዎም ስለ እሳቸው በጸሎትዎ ምን እንደሚሉ ይንገሯቸው።